የውኃ አባቱ የሚነሣበት ቀን

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን 2097 ዓ.ም. ማለዳ ይታይሽ ባንተይርጋ ከቤቷ ስትወጣ አስቀድማ ደኅንነቱን የጠየቀችው ጎረቤቷን ሳይሆን ምሰሶዋን ነበር። በወይራ አምባ እንዲህ ማድረግ እንደ ነውር መቆጠሩ ከቀረ ቆይቷል። በየማሳው ማዕዘን የተተከለው ምሰሶ የአፈሩን እርጥበት ቀንም ሌሊትም እየለካ ለተፋሰሱ ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። በአናቱ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ከሆነች ባለማሳው ቁርሱን እየተጫወተ ይበላል፤ ቢጫ ከሆነች ዝም ብሎ ይበላል። የይታይሽ መብራት ሁለት ወቅት ሙሉ ቀይ ሆና ከርማለች።

«ቀይ ያምርብኛል» ትል ነበር ሰው ሲጠይቃት፤ ጠያቂው ሲስቅ ግን አብራው አትስቅም።

ደንቡ አጭር ነው። ሦስት ወቅት በተከታታይ ቀይ ያበራ ማሳ ከእርሻነት ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ሰዎች በጭነት መኪና ጥቁር መስታወት ይዘው ይመጣሉ፤ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ያለብሱትና ከእህል ይልቅ ፀሐይ ይታጨድበታል። ለባለቤቱ በከተማ አንድ ክፍል ቤትና መሬቱ ከሰማይ ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል ይሰጠዋል። ይታይሽ ወደ ቦዩ አናት በሚወስደው ዳገት ስትወጣ በግራም በቀኝም መስታወቱ ጠዋቱን እያንጸባረቀ ዓይኗን ያጭበረብራት ነበር። እያንዳንዱን በቀድሞ ባለቤቱ ስም ታውቀዋለች። የሚጀምረው ወቅት ለእርሷ ሦስተኛው ነው።

ይታይሽ ሠላሳ አራት ዓመት በከተማ ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ወንድሟ ሲሞት የአባቷን ማሳ ልታርስ ወደ ወይራ አምባ ከተመለሰች ስድስት ዓመቷ ነው። የመስኖው ተራ በየዓመቱ በዕጣ ይወጣል፤ አርባ አንድ ማሳ ነው ያለው። በስድስቱም ዓመት የእርሷ ዕጣ አርባ አንደኛ ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ወንዙ ጉልበት ነበረውና መጨረሻ መሆን መዘግየት ብቻ ነበር። ካቻምና ግን ተፋሰሱ ለቦዩ የፈቀደው የወንዝ ሰዓት ተራዋ ሳይደርስ አለቀ፤ አምናም ሠላሳ ሦስተኛው ማሳ ላይ። ውኃው በመዝጊያዋ ሥር እየተንሿሿ አልፎ የጎረቤቷን የዘሀራን ሽንኩርት ሲያጠጣ፣ እርሷ ቆማ አየች። መዝጊያዋ ላይ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ «ተራዎ ይጠበቃል» ትል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በስኳር ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላችው። ከአርባ አንድ ሰው መካከል አንዱ ስድስት ጊዜ በተከታታይ በአጋጣሚ መጨረሻ የሚወጣው ከአራት ቢሊዮን ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕድለ ቢስ መሆኗን ለማመን አትቸገርም፤ ይህን ያህል ግን አይደለችም። ወረቀቱን አጥፋ ከመቀነቷ ሥር ያዘችው። ዛሬም እዚያው ነው።

የቦዩ አናት ላይ አንዲት የድንጋይ ጎጆ አለች። በውስጧ የሚቀመጠው የውኃ አባት ነው። የውኃ አባት ድሮ ሰው ነበር፤ የመጨረሻው ሰው የይታይሽ አባት አቶ ባንተይርጋ ወልደየስ ነበሩ። ከ2066 ዓ.ም. ወዲህ ግን የውኃ አባት የሚባለው አንድ አመድማ ሣጥን ነው፤ ዕጣውን የሚያወጣው፣ መዝጊያዎቹንም የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። የባለማሳዎቹ ማኅበር ለራሱ ጉዳይ ብቻ ያሠራው ነው፤ በሌላ አገር እንዲህ ያለ የለም። በሆዱ ያለችው፣ የሰውን ቃል ወደ ሥራ የምትለውጠው ትንሽ አስተርጓሚ ስትነሣ ባዶዋን ትነሣለች። መደመር፣ መቀነስ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲያ» ማለት ትችላለች፤ ውኃ ምን እንደሆነ፣ መዝጊያ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ስለዚህ በየዓመቱ በኅዳር አስጀማሪ የሚባለው የማኅበሩ ሰው ሣጥኑን ያስነሣና ቃላቱን አንድ በአንድ ይሰጣታል። «ክፈት» ሲል ሕዝቡ «ይሁን» ይላል። «ዝጋ» ሲል «ይሁን» ይላል። አርባ አንዱም ባለማሳ ምስክር ናቸውና አንዱ እንኳ «ይሁን» ያላለው ቃል አይገባም። በ2088 «ቅጣ» የሚል ቃል ቀርቦ አርባ አንዱም ዝም ስላሉ፣ ሣጥኑ እስከ ዛሬ ሰው መቅጣት አይችልም።

ይታይሽ ስትደርስ ሕዝቡ ከጎጆዋ ፊት ቆሟል፤ ሁሉም ጀርባውን ለበሩ ሰጥቷል። ይህም ሥርዓት ነው። የውኃ አባቱ ሰው በነበረ ጊዜ ሹመቱን የሚቀበለው ብቻውን ገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ከቦዩ ውኃ ታጥቦና ምሎ ነበር። ራቁቱን የቆመ ሰው እንዳይታይ ሕዝቡ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን የሚታጠብ ሰው የለም፤ ፊት ማዞሩ ግን ቀረ ያለ ስለሌለ አልቀረም። አስጀማሪው ብቻውን ይገባል፤ «ግቡ» ሲል ሕዝቡ ይዞርና የቃላቱ ንባብ ይጀመራል።

ይታይሽ ከዘሀራ አጠገብ ቆመች፤ አልዞረችም።

«ዞሪ እንጂ እታለም» አለች ዘሀራ ወደ ፊት እያየች። «ሣጥን ሲታጠብ ልታዪ ነው?»

«ልብስ እንደለበሰ አረጋግጬ መጣሁ።»

«ተይ፣ ሰው ያይሻል።»

«ሰው ሁሉ ዞሯል፤ ማን ያየኛል?»

ዘሀራ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን የይታይሽን እጅጌ ያዘች። ቀልደኛ ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ የእግር እጣቢ ምሰሶዋ ሥር አፍስሳ ለሁለት ቀን አረንጓዴ ያበራች፣ ሲደረስባትም «ምሰሶው ጠምቶት ነው» ብላ የመለሰች ናት። ዛሬ ግን እጇ እጅጌውን ከቀልድ በላይ አጥብቆ ነበር የያዘው። ይታይሽ ይህን ልብ አለችው። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችና ወደ በሩ ሄደች።

«ይታይሽ፣ ወዴት ነው?» የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ምንተስኖት ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማሳቸው ከቦዩ አናት የመጀመሪያው ነው። ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ነበር የጠየቁት፤ እንዴት እንዳወቁ እርሳቸው ያውቃሉ።

«ምስክር አይደለሁ ጋሽ ምንተስኖት? ልመሰክር ነው።»

«ምስክር የሚጠራው ቃላቱ ሲነበቡ ነው።»

«ከዚያ በፊት ምን አለ?»

«ከዚያ በፊት ምንም የለም።»

«እንግዲያው ምንም የሌለበትን ማየት ማንን ይጎዳል?» ብላ ጎንበስ ብላ ገባች።

አስጀማሪው ልሳነወርቅ የሣጥኑን መስታወት በጨርቅ ይወለውል ነበር፤ መስታወቱ ንጹሕ ነው። ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሲማር ክፍልፋይ ያስተማረችው እርሷ ናት። አሁን አርባ ዓመቱ ነው፤ ስታየው ግን እንደዚያን ጊዜው ጆሮው ቀላ።

«እትዬ ይታይሽ፣ አይገባም እኮ።»

«ገባሁ እኮ። አስነሥተኸዋል?»

«አሁን ነው ያስነሣሁት፤ ቃላቱ ብቻ ነው የቀረው። ግቡ ልላቸው ነበር።»

«አጥፋውና ከባዶ አስነሣው። መልሱን ብቻ አታሳየኝ፤ ስሌቱን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ጊዜ እኮ የለም። እኩለ ቀን ሳይሆን ካልተነሣ ተፋሰሱ ዋናውን በር ይዘጋብናል፤ ዓመቱን ሙሉ።»

«ገና ሦስት ሰዓት ነው። አጥፋው ልጄ።»

ልሳነወርቅ በር በሩን አየ። ከውጭ አርባ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጣል። አጠፋው፤ አስነሣው። መስታወቱ ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ፤

አስተርጓሚው ተነሥቷል።
የታወቁ ቃላት፤ የሉም።
የቤት ጽሑፍ ተገኝቷል። ተነብቧል።
ቃላት ይጠበቃሉ።

«እዚህ ላይ ቁም» አለች ይታይሽ ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርጋ። «ባዶ ነው የሚነሣው ትሉናላችሁ። ይኼ ያነበበው ምንድን ነው?»

«ልማድ ነው፤ ቃላቱ ሳይገቡ የሚያነበው የቆየ ጽሑፍ ነው።»

«የማን ልማድ?»

ልሳነወርቅ ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። «እኔ ያስገባሁት አይደለም እትዬ። እኔም የተረከብኩት ነው። ያስረከበኝም የተረከበው ነው። ክፉ ነገር የለውም ብለውኛል።»

«ክፉ ካልሆነ ይነበብ።»

«ይተዉት ይሻልዎታል።»

ከመጣች ጀምሮ ከሰማችው ሁሉ ያስፈራት ይህ አነጋገር ነው፤ ውስጡ ርኅራኄ ነበረበትና። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይታይሽ ሌባውን የምታውቅ መስሏት ነበር። ጋሽ ምንተስኖት ይሆናሉ፤ ወይም ልሳነወርቅ ለራሱ እናት ማሳ ሲል አድርጎታል፤ ወይም ሁለቱም ናቸው። ሌባ ደግሞ አያዝንልሽም።

«ክፈተው» አለች።

ከፈተው። ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤

የውኃ አባት የሆነ ሰው፣ ወገኑ ከሁሉም ኋላ ይጠጣ።
የውኃ አባት፤ ባንተይርጋ ወልደየስ።

ልትስቅ ቃጣት። አባቷን በቃላቸው አወቀቻቸው። ድግስ ቤት ሲጠሩ የመጨረሻውን መሶብ የሚጠብቁ፣ ልጆቻቸውን እንግዳ ሳይጠግብ የማያስበሉ፣ «ለራሱ የቆረሰ እጅ ለሰው አይቆርስም» እያሉ ዓይናቸውን የሚያርገበግቡ ሰው ነበሩ። ሣጥኑ በገባበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ «ብረት እንዴት ያደላድላል?» ብሎ ሲፈራ፣ ይህችን ሁለት መስመር አስጽፈው ራሳቸውን መያዣ አድርገው ሰጥተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። እርሳቸው ከሞቱ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለሣጥኑ ግን አልተነገረውም። በየኅዳሩ ሲነሣ፣ አንዲት ቃል ሳያውቅ፣ ከሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀው ባንተይርጋ በሹመት ላይ መሆናቸውን ነው።

ወደ በሩ ተመለሰች። አሁንም ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷል።

«የሰማችሁ ዙሩ» አለች።

ቀስ በቀስ ዞሩ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። የተደነቀ ሰው ፈለገች፤ ከወጣቶቹ አራት አምስቱ ተደንቀዋል። የቀሩት መሬት መሬት ያያሉ። ዘሀራ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ነበር።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ሁሉም ያውቃል እታለም» አለች ዘሀራ። «ማለቴ… ድሮ የተባለ ነገር ነው። ውኃ ሞልቶ በነበረ ጊዜ ማንን ጎዳ? ወንድምሽም አልጠየቀ።»

«አምና በመዝጊያዬ ሥር አልፎ ያንቺን ሲያጠጣስ?»

«ነገ ዛሬ ስል…» ዘሀራ አልጨረሰችውም።

ጋሽ ምንተስኖት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይታይሽ፣ እናትሽም አባትሽም የተከበሩ ናቸው። የሞተ ሰው ስም ከወንበሩ አይፋቅም ብለን ተውነው። ማን ደፍሮ ባንተይርጋ ተሽረዋል ይበል? እኛ አክብረን ነው።»

«አክብራችሁኝ ልትነቅሉኝ ነው።»

«አሁን ይፋቅ ካልሽ ይፋቅ። ልጃቸው አንቺ ነሽ፤ መብትሽ ነው። ግን በሕዝብ ፊት በይው። የአባቴን ቃል ፍቁልኝ፣ ለእኔ ውኃ እንዲደርሰኝ በይ። እኛም ይሁን እንላለን።» ድምፃቸው የለዘበ ነበር፤ ሰው ለመቅበር የሚጠቀሙበት ድምፅ ነው።

ይታይሽ ወጥመዱን አየችው፤ በሥርዓት የተሠራ ስለ ነበር እንደ አስተማሪ ጥቂት አደነቀችው። ይፋቅ ብትል ማሳዋን ታድናለች፤ ከዚያ በኋላ በወይራ አምባ የአባቷን ቃል ለራሷ ጥም የሸጠች ተብላ ትኖራለች። አይፋቅ ብትል በመጪው ዓመት መስታወቱ ይመጣል። የቆሙትን ሁሉ ተራ በተራ ስታያቸው፣ ከእነርሱ መካከል የትኛው ሁለተኛውን እንደሚመርጥ መለየት አቃታት።

«አይፋቅ» አለች።

ጋሽ ምንተስኖት ተነፈሱ።

«የመጀመሪያው መስመር አይፋቅም። አባቴ ደንብ ጻፉ፤ ደንቡ መልካም ነው። የሚገባው ግን ሹመት ላይ ላለ ሰው ነው። ሁለተኛው መስመር ስም ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው ውኃ አያጠጣም። ዛሬ የዚህ ቦይ ኃላፊ ማን ነው? እርሱ ይጻፍ። በመጪው ኅዳር ደግሞ ሌላ ይጻፍ። አንድ ዓመት መድረቅ ማሳ አያስወስድም፤ ሦስት ነው የሚያስወስደው።»

ነፋስ መጣና ከታች የመስታወቱ ሜዳ ክርር የሚል ድምፅ አሰማ።

«ልሳነወርቅ ይጻፋ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «የሚያስነሣው እርሱ አይደል?»

«እኔ በር ከፋች ነኝ» አለ ልሳነወርቅ ከውስጥ፤ ፈጥኖ ነበር የመለሰው። «ኃላፊ ሌላ ነው።»

«ታዲያ በአዲስ ስም ከምንጣላ ለዘንድሮ እንደነበረ ይነሣና ቀስ ብለን እንመካከርበት» አለ ሌላው።

«እኔ አልቸኩልም» ብላ ይታይሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ማለፊያ አልነበረም፤ ደልደል ያለች ሰፊ ሴት ናት። «ምስክር አንድ ቢጎድል አይነሣም፤ እኔም ይሁን አላልኩም።»

ጥላው ከበሩ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ድንጋዩ ወረደ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ቀጥሎ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ሁሉም ከአጠገቡ ያለውን ሰው ማሳ ስፋት በልቡ የሚለካ ይመስል ነበር። ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ዓይኖች ሁሉ ወደ ጋሽ ምንተስኖት ዞሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሊቀ መንበር ሆነዋል። ስለ ባንተይርጋ ክብር አሁን የተናገሩትን ሁሉም ሰምቷል።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ጋሽ ምንተስኖት በትራቸውን ከግድግዳው አስደገፉና ፈገግ አሉ። «ምንተስኖት ብለህ ጻፍ» አሉ።

ፈገግታው ለይታይሽ በጣም ቀላል ሆኖባት አልወደደችውም። ስለዚህ ልሳነወርቅ ስሙን ከጻፈ በኋላ ሣጥኑን እንደገና አስጠፍታ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ከባዶ ሲነሣ አስነበበችው። ሦስተኛው መስመር ሲደርስ በሩ ላይ የተጨናነቁት ሁሉ በአንድ ድምፅ አነበቡት። ከዚያ ቃላቱ ገቡ። ክፈት፤ ይሁን። ዝጋ፤ ይሁን። መጥን፤ ይሁን። ዕጣ አውጣ። ዕጣው ወጣ፤ ይታይሽ ዘጠነኛ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መዝጊያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን ተከፈተ። ውኃው አቧራውን እየገፋ ገባ፤ መሬቱ የተቀቀለ ነገር እንደሚሸት ሸተተ። ሰሌዳዋ ላይ ስንት እንደ ገባ ተጽፏል። ይታይሽ ግን የአባቷን ባለ ጭረት በትር ከቤት አምጥታ ቦዩ ውስጥ አቆመችና ራሷ ለካች። ትክክል ነበር። እንደገና ለካች። ምሰሶዋ ወደ ቢጫ፣ አመሻሹ ላይም ወደ አረንጓዴ ተለወጠ።

ወደ ቤቷ ልትሄድ ይገባ ነበር። እርሷ ግን በትሯን ይዛ ቦዩን እየተከተለች ወደ ላይ ወጣች፤ ያ ፈገግታ ከአእምሮዋ አልወጣ ብሎ። የጋሽ ምንተስኖት ማሳ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጨረችው። ደረቅ ነው። ሌላ ቦታም ጨረች፤ ደረቅ ነው።

«የጥጉን አላየሽውም» አለ ድምፅ።

ጋሽ ምንተስኖት ከመዝጊያቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ውኃው በእግራቸው ሥር ያልፋል።

«ሳላየው አልሄድም ነበር» አለች ሳታፍር።

«እኔም ጠዋት ያንቺ ጋ ነበርኩ። ዘጠነኛ ተብላ ሰባተኛ ጠጥታ እንደሆነ ብዬ።»

«ታዲያ?»

«ዘጠነኛ ነሽ።»

ይታይሽ ከቦዩ ማዶ ሌላ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። ከታች አንዲት መዝጊያ ተዘጋች፤ ሌላዋ ተከፈተች። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ፤ ቆጠሩ።

«ያቺ የማን ናት?» አሉ ጋሽ ምንተስኖት።

«የዘሀራ። አሥረኛ ናት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች ይታይሽ፤ በትሯን አንሥታም ተነሣች። «ይነሡ እንጂ ጋሼ፤ ሄደን እንለካት።»